ዓይን ያወጣ ጄል

ሃይድሮጄል ሲባል የሩቅ ነገር ይመስላል እንጂ ሁላችንም ነክተነዋል። ዳይፐር ውስጥ ያለችው ዱቄት ስትርስ ሃይድሮጄል ነች። ለስላሳው ኮንታክት ሌንስም ያው ነው (ቼኩ ኦቶ ዊችተርሌ እ.ኤ.አ. በ1961 የገና ሰሞን የሠራቸውን ሌንሶች ያሽከረከራቸው በልጁ መጫወቻ በገጣጠማት ማሽን ነበር፤ እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ጠበበኝ እላለሁ)። ጄሉ ውሃ ያዘለ የፖሊመር ክር መረብ ነው። የኔው ግራዴንት ይባላል፤ አንዱ ጫፍ ልፍስፍስ፣ ሌላው ጠንካራ፣ መሀሉ ቀስ በቀስ የሚለወጥ። ጉልበታችን ውስጥ ያለው ካርቲሌጅም ወደ አጥንቱ ሲወርድ እንዲሁ ይለዋወጣል። ድካሙ ሁሉ እሱን ለመምሰል ነው።

እንግዲህ ጄሌን አቀዝቅዤ አደረቅሁና ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ከተትኩት። እናንተዬ፣ ዓይኑ! የማኛ ጤፍ እንጀራ በሉት። ልፍስፍሱ ጫፍ ላይ ትልልቅ፣ ጠንካራው ላይ ትንንሽ። ለኮንፈረንስ ጽሑፍ ላክሁበት። ለእናቴም ፎቶውን ላክሁላት፤ «ማን ጋገረው?» አለችኝ።

የቡድናችን ስብሰባ ላይ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች። «ስታቀዘቅዢው የትኛው ጫፍ ነበር ብረቱ ላይ?»

«ጠንካራው። ሁሌም።»

«ታዲያ ያየሽው በረዶ ቢሆንስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው በረዶ ሲሠራ ክሮቹን ወደ ጎን ይገፋቸዋል፤ በረዶው ሲተን ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ብረቱን የነካው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በረዶው ደቃቅ ነው፤ የራቀው ቀስ ስለሚል ትልልቅ። የእውነተኛው መረብ ክፍተት በናኖሜትር የሚለካ ሲሆን የኔዎቹ ዓይኖች በአሥር ማይክሮሜትሮች ነበሩ። ሺህ እጥፍ ይሆናል! ይሄን እንዴት ዘለልኩት?

ተናድጄ ምንም ግራዴንት የሌለው ጄል ሠራሁ፤ በዚያው ብረት ላይ በዚያው መንገድ አቀዘቀዝኩት። ያው ፎቶ ወጣ። ቁርጥ ያው።

ጽሑፉን ከኮንፈረንሱ ያስወጣሁት እኔው ነኝ። አማካሪዬ ብዙም አልተናገረም፤ ምረቃዬ ግን አንድ ሴሚስተር ተገፋ፣ የስኮላርሺፑ ብር ደግሞ አብሮ አልተገፋም።

አሁን ጄሉን ሳላደርቅ፣ እንደ ረጠበ ነው የምለካው። በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ደቃቅ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ነጥብ በነጥብ እየተጫንኩ ጥንካሬውን አነባለሁ፤ እሱ ግን የሚያውቀው ላዩን ብቻ ነው። ለውስጡ ኤክስሬይ አሳልፎ አበታተኑን ማየት አለ። ከዚያ የመረቡን ስፋት ያሰላሉ፤ የሚገኘውም ጨረሩ ያለፈበት ቦታ አማካይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጡ አንዱንም አላምንም። ውጤቱ ደግሞ ጠማማ መስመር ነው፤ ለማንም የሚላክ ፎቶ የለውም።

እናቴ የድሮውን ፎቶ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች። በረዶ መሆኑን ገና አልነገርኳትም።