ከሰበታ ማዶ ወዳለው ፏፏቴ

የዕረፍት ቀን ለሁሉም እኩል አይደርስም። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የማይዘጋ አንድ ነገር ቢኖር የቤት ውስጥ ሥራ ነው። እሑድ ለአባወራው ጋዜጣ የሚያነብበት፣ ለልጆች የሚቦርቁበት ቀን ሲሆን፣ ለእናት ግን የሳምንቱ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና እንግዳ የሚስተናገድበት ቀን ነው። «እስቲ ዛሬ እንኳ ከቤት እንውጣ» የተባለ ዕለትም ቢሆን ማጀቱ ተከትሎን ይመጣል፤ ድስቱም ሳህኑም በዘንቢል ታጭቆ፣ ተሸካሚዋም ያችው እናት ሆና።

በዛሬው ዝግጅታችን ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች ቅርብ ስለሆነው፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሊታይ ስለሚችለው ስለ መናገሻ ሱባ ደንና በውስጡ ተሸሽጎ ስለሚወርደው ፏፏቴ እናወጋለን። የምናወጋው ግን ስለ ቦታው ብቻ ሳይሆን ስለ አካሄዱም ጭምር ነው።

ከከተማው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲመለከቱ ሰማዩን ተደግፎ የሚታየው ትልቁ ተራራ ወጨጫ ይባላል። ከፍታው ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን የሚገኘው በዚሁ ተራራ ጎን ላይ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጅማን መንገድ ይዘው ዓለም ገናን አልፈው ሰበታ ሲደርሱ ወደ ቀኝ የሚገነጠል ጥርጊያ መንገድ አለ። ፋብሪካውና የቆርቆሮው ጣራ ወደኋላ እየቀረ፣ የጤፉና የስንዴው ማሳ እየተተካ ይሄዳል። በመስከረም መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ከማሳው ዳር ዳር አደይ አበባ እንደ ቢጫ ጥልፍ ተዘርግቶ ይጠብቃል።

እኛ የሄድነው ሦስት ጎረቤታም ቤተሰቦች ሆነን ነው። ጉዞው ሲታሰብ ወዲያው የተነሣው ጥያቄ «ማን ምን ይሥራ?» የሚል ነበር። ዶሮ ይሠራ፣ ድፎ ዳቦ ይደፋ፣ ቡናውም ከነረከቦቱ ይምጣ የሚሉ ነበሩ። ይህ ሁሉ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም እናቶች ሌሊቱን ሲንጎዳጎዱ አድረው በማግስቱ ከዛፍ ሥር እንቅልፋቸውን ሲታገሉ መዋላቸው ነው። በመካከላችን የነበሩ አንዲት አያት ግን ነገሩን ባጭሩ ቋጩት። «የራሱን ስንቅ የማይዝ አይሄድም፤ የሚቋጠረውም ዳቦ ቆሎና ዳቦ ነው» አሉ። አባቶችም ልጆችም እየሳቁ ተስማሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለም? ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንኳ ኮዳዋን በትከሻዋ አንግታ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ዝግጁ ነበረች።

ስለ ደኑ አመጣጥ የሚነገረው ታሪክ ረዥም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በዚህ ሥፍራ እንዳስተከሉ ይነገራል። በዚህም ምክንያት ደኑ በአፍሪካ ከታወቁት ጥንታዊ ጥብቅ ደኖች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በከተማው ዙሪያ ያለውን ኮረብታ የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው። ሱባ የገባ ሰው ግን የአገሩን ነባር ዛፍ ያያል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ከታች ይጀምራል፤ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ደግሞ አስታው ይተካል።

ለልጆች ይህ ደን ትምህርት ቤት ነው፤ አስተማሪዎቹም አያቶችና እናቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የወተት ዕቃው የሚታጠነው በዚህ በወይራ መሆኑን፣ ያ ቀጥ ያለው ዝግባ ሳንቃ እንደሚወጣው፣ ጽድ በምስጥ ቶሎ ስለማይበላ ለቤትና ለአጥር እንደሚመረጥ የሚነግራቸው ሌላ ማን ነው? ከኮሶው ዛፍ ሥር ስንደርስ አያቲቱ ቀላ ብሎ የተንዠረገገውን አበባ እያሳዩ፣ የዛሬው ኪኒን ሳይመጣ ሰው እንዴት ያንን መራራ ነገር በባዶ ሆዱ ይጠጣ እንደነበረ ሲያወጉ ልጆቹ ፊታቸውን አጨማድደው አዳመጧቸው። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ የሚጎዳ፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነውና ወሬው ለዕውቀት እንጂ ለመድኃኒትነት እንዳልሆነ እናሳስባለን። ለሆድ ትል ሐኪም ቤት አለ።

ወደ ፏፏቴው የሚወስደው የእግር መንገድ ጥላ ነው። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ስለተሸፈነ የእግር ኮቴ እምብዛም አይሰማም። ድምፁን ቀነስ አድርጎ የሚሄድ ሰው ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እያንዠረገጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ለማየት ይታደላል፤ ዕድል ከቀናውም ጠቆር ያለውን የምኒልክ ድኩላ ከቁጥቋጦው መሐል በጨረፍታ ያያል። ልጆች የሚጮኹበት ጉዞ ግን ከዝንጀሮ በቀር ምንም አያሳይም።

ፏፏቴው አስቀድሞ የሚገኘው በጆሮ ነው። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ዐይን ሳያየው ጆሮ ይሰማዋል። በመጀመሪያ ነፋስ ይመስላል፤ ቀጥሎ ዝናብ ይመስላል፤ መንገዱ ታጥፎ ቁልቁል ሲወርዱ ግን ውሃው ከጥቁሩ አለት ላይ ሲወረወር ድንገት ይታያል። አማርኛችን ፏፏቴ ያለው ከድምፁ ወስዶ መሆኑን እዚያ የቆመ ሰው አይጠራጠርም። የአካባቢው ሕዝብ በኦሮምኛ ፊንጫኣ ይለዋል። የአለቱ ግንብ ሽበት አውጥቶ፣ ሥሩ ፈርን ለብሶ፣ የውሃው ብናኝ ፊትን ሲያረጥብ የሳምንቱ ድካም ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። እናቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ ቅራሪ አምጪ፣ እስቲ ጨው አቀብይ» የሚላቸው አልነበረም። ሁሉም ከየቋጠሮው ይበላ ነበር።

ውሃው ጥሩ ሆኖ የሚታየው ክረምቱ እንዳለፈ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ይቀጥናል። ከዚያ የሚወርደው ጅረት መንገዱ ረዥም ነው፤ የወጨጫ ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ቆቃን አልፎ፣ የስምጥ ሸለቆውን እርሻ አጠጥቶ፣ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከፏፏቴው ሥር የተጣለ ቆሻሻ ከዚያ ታች ላለው ሁሉ መድረሱን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም።

ስንመለስ ከደኑ ጠርዝ ላይ ያገኘናቸው ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጡን። ሁለት ሴቶች እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው ይመጣሉ። ከኋላቸው አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ቢጫ ጀሪካን አዝላለች። ከእኛ ልጆች አንዱ «ቧንቧ የላቸውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። የልጅ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን የትልቅ ሰው ነው። በከተማችን ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርዱ እናቶችን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እስሩ አንዳንዴ ከተሸካሚዋ ክብደት አይተናነስም። ለእኛ ሽርሽር የሆነው መንገድ ለእነርሱ የሥራ መንገድ ነው። እኛ ደስ ብሎን ያየነው ውሃ ለዚያች ልጅ የጀርባ ሸክም፣ ምናልባትም ከጥናቷ ላይ የሚቆረስ ሰዓት ነው።

ይህን ማየት ደስታን ሊያደፈርስ አይገባም፤ ጠባይን ግን ሊያርም ይገባል። ሸክም ላለው ሰው መንገድ ይለቀቃል፤ ሰላምታ ይቀድማል። የአካባቢው ሰው ወተት፣ እንቁላል ወይም የተጠበሰ በቆሎ ሲሸጥ ቢገኝ ከከተማ ቋጥሮ ከመሄድ ከዚያው መግዛት፣ ሳንቲም ለማስቀነስም አለመከራከር መልካም ነው። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ጥሎ መመለስ ነውር ነው። ፌስታሉን የምትውጠው የዚያች ልጅ ቤተሰብ ላም ናት።

ለመሄድ ያሰባችሁ ቤተሰቦች ጥቂት ነገሮችን አስቀድማችሁ አስቡ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱና ደኑ በዚያ ቀን ለጎብኚ ክፍት መሆናቸውን ጠይቁ። የደኑ ጽሕፈት ቤት ሲደርሱ አካባቢውን የሚያውቅ መንገድ መሪ መያዝ ይበጃል። ሥፍራው ከፍተኛ ስለሆነ ፀሐይ ቢኖርም ይበርዳል፤ ሹራብና ነጠላ አይለያችሁ። ሸርተቴ የማይል ጫማ ይደረግ፤ ሳማ አለና የልጆች እግር ይሸፈን። ጅረቱ የከብትም መጠጫ ነውና የሚጠጣ ውሃ ከቤት ይያዝ። ከሁሉም በላይ በዝናብ ወራት ልጆችን ከውሃው መሐል አታስገቡ። እናንተ የቆማችሁበት ሰማይ ብራ ቢሆንም ከተራራው ጫፍ ከዘነበ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ጉርምርምታ ከተሰማ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ከፍታው መውጣት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍም መመለስ ያስፈልጋል።

ፏፏቴውን ማየት የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ከቤት ሲወጡ የነበረው አካሄድ ግን እቤት ሲመለሱ መቅረት የለበትም። ስንቁን ለመሸከም ትከሻ የነበረው አባት፣ ኮዳዋን ያነገተች ልጅ፣ ማምሻውን የቆሸሸውን ዕቃ ለማጠብ እጅ አያጡም። በእኛ ሰፈር ከዚያ ወዲህ የእሑድ ምሳ ዕቃ የሚታጠበው በተራ ነው። ተራው የአባትም ሆኖ ያውቃል።