ሻንጣህ 7 ኪሎ፣ አደራህ ስንት?

ከናዝሬት ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው ጣጣው የሚጀምረው ቦሌ ሳይሆን እዚሁ ሰፈር ነው። ጎረቤት ሽሮ፣ የሞጆ አክስት በርበሬ፣ የዝዋይ ዘመድ ማር ይዘው «ለልጄ አድርስልኝ» ይላሉ። እኔ በአንድ የእጅ ሻንጣ ብቻ ስነሳ «ኮራህ እንዴ?» ተባልኩ።

ግን ስሙኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ ወደ ካቢን የሚፈቅደው አንድ ሻንጣ፣ 7 ኪሎ ነው። እዚሁ ሱቅ አስመዝኑት። የናዝሬት ሙቀት ሳያታልላችሁ ጃኬቱን ለብሳችሁ፣ ከባዱን ጫማ ተጫምታችሁ ሂዱ። ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በብዙ አየር ማረፊያ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አያልፍም።

ከሁሉም በላይ፣ ከፍታችሁ ያላያችሁትን አደራ አትቀበሉ። ፍተሻ ላይ ተጠያቂው ላኪው ሳይሆን ተሸካሚው ነው። የአክስት ኩርፊያ እንደሆነ በስልክም ይበርዳል።