የዓይን ስንቅ

መንገደኛ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ የሚታወቅበት ነገር አለ፤ ይኸውም ስንቁ ነው። ቈላ የሚወርድ ውሃ ይይዛል፤ ደጋ የሚወጣ ጋቢ ይደርባል፤ ነጋዴም ዕቃውን ከመጫኑ በፊት አህያው የምትችለውን ይመዝናል። የቅኔ ተማሪ ግን ከደበሎውና ከአኩፋዳው በቀር የሚይዘው ስለሌለው፥ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፥ ከዋሸራ ወደ ዋድላ ሲዘዋወር መንገድ አይከብደውም። ሐዋርያት ለስብከት ሲላኩ ከረጢትና ሁለት እጀ ጠባብ እንዳይዙ መታዘዛቸውም፥ የሸክም ብዛት ልብን ከተላኩበት ነገር እንዳያወጣው ነው ብሎ መተርጐም የሚያስኬድ ነው።

በዘመናችን በዚህ በቀደመው ስንቅ ላይ ሌላ ስንቅ ተጨምሮአል፤ እርሱም የዓይን ስንቅ ነው። ዛሬ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ያየውን በልቡ ብቻ ይዞ መመለስ አይበቃውም፤ በፎቶግራፍ አንሥቶ ለልጆቹና ለባልንጀሮቹ ሊያሳይ ይወዳል። የፎቶግራፍ ማንሻው ዓይን ሌንስ የሚባለው መስተዋት ነው። እንደ ሰው ዓይን አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ምርጫ ባላስፈለገም ነበር። ዳሩ ግን ሌንስ ብዙ ነው፤ የመንገደኛው ትከሻ ግን ሁለት ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ካሉት ደብሮች በአንዱ የሚያገለግል አንድ ዲያቆን በ2011 ዓ.ም. ከኅዳር ጽዮን በዓል በኋላ ወደ ሰሜን ሊጓዝ ተነሣ። አሳቡም በጣና አጠገብ ዘጌን፥ ከዚያም ጐንደርን አይቶ፥ የልደትን በዓል በላሊበላ አክብሮ፥ በመጨረሻ ቅኔ ወደ ተማረበት ወደ ዋድላ ለመሻገር ነበር። በዚያ ያሉት የቅኔ መምህሩ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፥ የዓይናቸውም ብርሃን የደከመ ሲሆን፥ አንድ ቀን እንኳ ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም። በዚያው ደብር ደግሞ ዲያቆኑ በልጅነቱ የሚያውቀው አንድ የብራና መጽሐፍ አለ፤ በኅዳጉ ላይ የመሬት ስጦታና የመምህራን ስም ተጽፎበታል፤ ይህንንም ቅጠል በቅጠል ሊያነሣው ፈቃድ ተቀብሎ ነበር። መንገዱ በአውቶቡስ፥ በበቅሎና በእግር ስለ ሆነ የሚይዘው በአንድ የትከሻ ቦርሳ የሚገባውን ብቻ ነው።

ሌንሶቹም አራት ነበሩ፤ ስማቸው በሚሊ ሜትር ይነገራል። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ዓይኑ ሰፊ ይሆናል፤ በበዛ መጠን ይጠባል፥ ሩቁንም ያቀርባል። የሥዕል መቀበያው 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነው ማንሻ ላይ የ24 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 84 ዲግሪ ያህል ያያል፤ ባለ 50ው 47 ዲግሪ፥ ባለ 100ው 24 ዲግሪ፥ ባለ 200ው ግን 12 ዲግሪ ብቻ ያያል። ሦስቱ ልካቸው የማይለወጥ ነው፤ ባለ 24፥ ባለ 50፥ ደግሞም ማክሮ የተባለው ባለ 100፥ ማለት ትንሹን ፊደል በልኩ በመቀበያው ላይ የሚያሳርፈው ነው። አራተኛው ከ70 እስከ 200 የሚለወጠው ረጅሙ ሌንስ ነው። ይህ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሲመዝን፥ ሦስቱ ተደምረው ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጡም።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። የሌንስ ቀዳዳ በሰፋ መጠን ብርሃን ይበዛለታል፤ ቍጥሩ ግን በተገላቢጦሽ ይነገራልና ትንሹ ቍጥር ትልቁን ቀዳዳ ያመለክታል። ባለ 1.8 የሆነው 50 ሚሊ ሜትር፥ ቀዳዳው 4 ከሆነው ሌንስ ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ይህም ለቤተ ክርስቲያን ተጓዥ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የቅድስቱና የመቅደሱ ዙሪያ ከደጅ ሲገቡበት ጨለማ ነው፥ በጥንታዊ ሥዕል ላይ ደግሞ የመብረቅ ብርሃን ማብራት ክልክል ነው።

ዲያቆኑ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገር ግን እውቀት ምርጫን አላቀለለለትም። በመሄጃው ዋዜማ አራቱን በአልጋው ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው አመሸ። ረጅሙን ሌንስ የገዛው ሁለት ዓመት ከደመወዙ ቈጥቦ ነው፤ ከቤት ትቶት መሄድ የገዛበትን ገንዘብ እንደ መጣል መሰለው። ሌሎቹን ሊቀንስ ሲል ደግሞ እያንዳንዱ የሚያስፈልግበት ቦታ ይታሰበዋል። ምርጫው ቢከብደው ለመሰናበት ወደ ንስሐ አባቱ በሄደ ጊዜ ነገሩን አጫወታቸው።

ቄሱም፥ «ልጄ፥ ይህ ረጅሙ ለምን ይሆንሃል?» አሉት።

«አባ፥ ምናልባት ሩቅ ያለ ነገር ቢያጋጥመኝ ብዬ ነው።»

«ምናልባት የሚባለው አገር ወዴት ነው? በየትኛውስ አውቶቡስ ይኬዳል?» አሉትና ፈገግ ብለው፥ «በል የምትሄድበትን ቦታ በወረቀት ጻፍ። በአጠገቡም የምታየውን ነገር ጻፍ፤ ከነገሩ ስንት ክንድ ርቀህ እንደምትቆምም ጨምር። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ራሱ ይመርጥልሃል» አሉት።

እርሱም ቤቱ ገብቶ እንዲህ አድርጎ ጻፈ። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ ክብ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነች፥ በሥዕል የተሞላው የመቅደሱ ግድግዳ ከፊት ይቆማል፥ የውጭው ግድግዳ ከኋላ ይከለክላል፤ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የለምና ባለ 24ው የግድ ነው። በጐንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማይቱን ሲያቃጥሉ የተረፈችው፥ ጣራዋ ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት ስለ ሆነ ባለ 50ው፥ አንድ ፊት ለይቶ ለማየት ደግሞ ባለ 100ው ይበቃል። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ከሚጠልቀው ጕድጓድ አፋፍ ላይ ሆኖ ጣራዋንም ዙሪያዋንም ባንድነት የሚያይ ባለ 24ው ነው። ለብራናው መጽሐፍ ባለ 100ው ነው፤ ሰፊው ሌንስ በጣም ቀርቦ ስለሚያነሣ የቅጠሉን ጠርዝ ያጣምማል፥ የራሱንም ጥላ በጽሕፈቱ ላይ ይጥላል። ለየኔታ ግን በጎጆዋቸው ውስጥ፥ በደጁ ብርሃን ብቻ፥ ባለ 50ው። ሁሉን ጽፎ ሲጨርስ በረጅሙ ሌንስ አንጻር የተጻፈው «ምናልባት» የሚለው ቃል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ረጅሙ በሣጥን ተቈለፈበት፤ በእርሱም ቦታ ሦስት እግር ያለው ማቆሚያና ትርፍ ባትሪ ገባ።

በእውነት ቢታሰብ፥ ከዚህ ቀደም የአገራችንን ቅርስ በፎቶግራፍ ያቆዩልን ሰዎችም በምርጫ የተጨነቁ ነበሩ። በ1898 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1906) በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጓድ ሥራውን በ1913 እ.ኤ.አ. በበርሊን በአራት ክፍል አሳትሞአል። የዚያ ጓድ ፎቶግራፍ አንሺ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ በዘመኑ ከባድ መሣሪያ ሐውልቶቹን፥ አብያተ ክርስቲያናቱንና ቤቶቹን ባያነሣ ኖሮ፥ ያን ጊዜ የነበረውን የከተማዪቱን መልክ ዛሬ በዓይን ማየት አይቻልም ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራም ብዙ ሺሕ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቶአል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከእነዚህ የብዙዎቹን ዝርዝር በትጋት አዘጋጅተዋል። የማይክሮፊልም ሠራተኞች የተራራ መልክ ሊያነሡ አልወጡም፤ መጽሐፍ ሊያነሡ ወጡ፥ መጽሐፍም አነሡ። የሥራቸው ጥቅም ከአሳባቸው አንድነት የመጣ ነው።

ዲያቆኑም በመንገዱ የቀረበት ነገር የለም ማለት አይደለም። ከገደል አፋፍ አንድ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ሲያልፍ ባለ 100ው ሌንስ እንደ ዝንብ አድርጎ አሳየው። በላሊበላም በልደት ቀን ካህናቱ በዐለቱ ዙሪያ በላይና በታች ተሰልፈው «ቤዛ ኵሉ» ሲያዜሙ፥ ከሩቅ አገር የመጡት ፎቶግራፍ አንሺዎች እንደ መድፍ የረዘሙ ሌንሶቻቸውን ደግነው ከሩቅ የአንዱን ካህን ፊት ሲለቅሙ አየ። እርሱ ይህን ማድረግ አልቻለም። ነገር ግን ነጠላውን አጣፍቶ፥ ካህናቱን አስፈቅዶ፥ ከመካከላቸው ቆመ። የባለ 24ው ሥዕል መቋሚያውንም፥ ጸናጽሉንም፥ የካህናቱንም ፊት፥ ከኋላ ያለውንም የሕዝብ ብዛት ባንድነት ያዘ። የአቧራውም ነገር ሌላ ነው፤ ሌንስ በየመንገዱ በተለዋወጠ ቍጥር ትቢያ ወደ ውስጥ ገብቶ በመቀበያው ላይ ይቀመጣልና፥ ጥቂት የያዘ ሰው ጥቂት ይለዋውጣል፥ ሥዕሉም ይነጻለታል።

ዋድላ በደረሰ ጊዜ የኔታ ከጎጆዋቸው ደጅ አጐዛ ላይ ተቀምጠው፥ ተማሪዎቹም ዙሪያቸውን ከብበው አገኛቸው። ጕልበታቸውን ስሞ ከተባረከ በኋላ የያዘውን ዕቃ አንድ በአንድ አስረዳቸው፤ ያየውን አገርም ነገራቸው። እርሳቸውም በጣታቸው የሌንሶቹን ዙሪያ እየዳሰሱ፥

«ሩቁን የሚያቀርብ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እርሱ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁት።

«የኔታ፥ እርሱስ ከበደኝና አዲስ አበባ ትቼው መጣሁ» አላቸው።

የኔታ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያስ ቀረብህ» አሉ።

ከተማሪዎቹ ታናናሾቹ ለዲያቆኑ ያዘኑለት መሰላቸው። አዋቂዎቹ ግን ወዲያው ሳቁ፤ በቅኔ ቤት ቃል በመጥበቅና በመላላት ሁለት መንገድ እንደሚሄድ ያውቃሉና። «ብ» ጠብቃ ስትነበብ ዕቃው በቤት ቀረብህ፥ አጣኸው ማለት ነው፤ ይህ ሰሙ ነው። «ብ» ላልታ ስትነበብ ግን አንተ ራስህ ቀረብህ፥ ወደ እኛ ተጠጋህ ማለት ነው፤ ይህም ወርቁ ነው። ሩቁን የሚያቀርበው መሣሪያ ስለ ቀረ ሰውየው በእግሩ መቅረብ ግድ ሆነበት።

ዲያቆኑም በዚያው ተቀምጦ፥ ከየኔታ ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት፥ በደጁ ብርሃን በባለ 50ው ሌንስ አነሣቸው። ለመቅረብ ማንሻውን አላስረዘመም፤ አጐዛውን ጥቂት ገፋ አደረገ እንጂ። የብራናውንም መጽሐፍ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው፥ ኅዳጉን ሳይቀር፥ በአራት ቀን ጨረሰው፤ አንዱን ቅጂ ለደብሩ ሰጥቶ አንዱን ይዞ ተመለሰ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፥ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.ም ቈየ። ወደ ወሎም በደረሰ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፥ ስልኩም ተቋረጠ። የኔታ ከዚያ አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ዐርፈው ነበር። ቅኔያቸው እንደ ቅኔ ሥርዓት በየዕለቱ አዲስ እየተቀኘ ያለፈ ስለ ሆነ አብዛኛው አልተጻፈም። መልካቸው ግን በዚያች በአንዲት ፎቶግራፍ ይታያል፤ እጃቸውን አንሥተው፥ አንድ ቃል ለተማሪ ሊነግሩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ። መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ወራት ከየኔታ ደቀ መዛሙርት በአዲስ አበባ የሚኖሩት ያችን ሥዕል እየተቀባበሉ አዩ፤ የመምህራኑንም ስም ከመጽሐፉ ኅዳግ ቅጂ እያነበቡ በጸሎት አሰቡ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደሚባለው፥ አራት ሌንስ አለኝ ተብሎም በአንድ ጊዜ በአራት ዓይን አይታይም። ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከዕቃው ሣጥን ፊት ከመቆሙ በፊት የሚሄድበትን ነገር በልቡ ይቍረጥ። ባለ ብዙ ዕቃው ሰው በየደረሰበት የሚመርጠውን ሲመርጥ ነገሩ ያልፍበታል፤ ባለ ጥቂቱ ግን ምርጫውን በቤቱ ጨርሶ ስለ ወጣ፥ በደረሰበት የሚቀረው ማየት ብቻ ነው። የሚያስፈራው ሌንስ በቤት መቅረቱ አይደለም፤ መንገደኛው ራሱ ሳይቀርብ መቅረቱ ነው እንጂ።