ሽንፈቱ የማን ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ 11 ተጫዋች ያሰልፋል፤ ድልና ሽንፈት የሚመዘገበው ግን በአንዱ ስም ብቻ ነው፤ በኳርተርባኩ። ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው እሱ ስለሆነ ሲያሸንፉ ይሞገሳል፣ ሲሸነፉ ይሰደባል። የኒው ዮርክ ጀትስ የ2024 ውድድር በ5 ድልና በ12 ሽንፈት ሲያበቃም ጣት ሁሉ የተቀሰረው አንጋፋው ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስ ላይ ነበር።

የምኖረው ኒው ጀርሲ ነው። ጀትስ በስም የኒው ዮርክ ይባል እንጂ የሚጫወተው እዚሁ እኛው ዘንድ፣ ኢስት ራዘርፎርድ ነው። በምሠራበት መጋዘን የማታ ፈረቃ ላይ በዕድሜም በአገልግሎትም ትልቁ እኔ ነኝ። ልጆቹ «ሽማግሌው ገደለን» እያሉ ሲዘምቱበት ጠበቃ የምቆምለት እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ጥብቅናው ለሮጀርስ ብቻ አልነበረም። «ሽማግሌው» በተባለ ቁጥር እኔን የሚሉ ይመስለኝ ነበር።

ማስረጃ አላጣሁም። በ2023 ለጀትስ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ገና ከመጀመሩ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ያልተጫወተ ሰው ነው። ከዚያ ተመልሶ፣ 41 ዓመት በሞላበት የውድድር ዘመን፣ 28 ተችዳውን (የጨዋታውን ትልቁን ነጥብ) ወርውሯል፤ የተጠለፉበት ኳሶች 11 ብቻ ናቸው። ቡድኑ ደግሞ እሱ ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን ከ2010 የውድድር ዘመን ወዲህ ጥሎ ማለፉን ረግጦ አያውቅም።

ከሁሉ የምመካበት የዴንቨሩ ጨዋታ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በዝናብ፣ ጀትስ በዴንቨር 10 ለ 9 እየተመራ፣ ጨዋታው ሊያበቃ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር የጀትስ መቺ ግሬግ ዙርላይን ከ50 ያርድ የመታት ኳስ ሳተች። «ይህም የሮጀርስ ጥፋት ነው?» ብዬ ፎከርኩ። አንድ ያገሬ ልጅ ሣጥኑን መደርደሩን ሳያቆም፣ «ጋሼ፣ መቺው ሳተ፤ እሺ። ግን ጨዋታው እንዴት እሱ እግር ላይ ወደቀ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የጀትስ ተከላካዮች የዴንቨሩን ጀማሪ ኳርተርባክ ቦ ኒክስን ጨዋታውን ሙሉ በ60 ያርድ ቅብብል ብቻ አግተውት ነበር። ሮጀርስ የሚመራው ማጥቃት ግን አንድም ተችዳውን አላገኘም፤ ዘጠኙም ነጥብ የመጣው ከዙርላይን እግር ነው። የሳተውን ሁሉም አየው፤ ያልተሠራውን ግን ማንም አላየውም።

በሳምንቱ ለንደን ላይ በሚኔሶታ 23 ለ 17 ሲሸነፉ ሮጀርስ ሦስት ኳስ ተጠለፈበት። አንዷን የሚኔሶታው አንድሩ ቫን ጊንከል ይዟት ሮጦ አስቆጠረባት። በሁለተኛው ቀን ግን የተባረረው አሠልጣኙ ሮበርት ሳላ ሆነ፤ የሳላ ዋና ሙያ ደግሞ መከላከል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። የያኔው የማጥቃት ኃላፊ ናትናኤል ሃኬት ከሮጀርስ የቀድሞ ቡድን ከግሪን ቤይ ጀምሮ ወዳጁ ነበር፤ ተቀባዩ አለን ላዛርድም የዚያው የግሪን ቤይ ጓደኛው ነበር፤ ሳላ በተባረረ ሰሞን ደግሞ በግሪን ቤይ ተቀባዩ የነበረው ዳቫንቴ አዳምስ ተጨመረለት። ቤቱ ለእሱ እንዲመች ተደርጎ ተደርድሮ ነበር። እሱ ግን በሰኔ ግዴታ የሆነውን ልምምድ ትቶ ግብፅን ሲጎበኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኔ የዞረው። በፈረቃችን ማን ፎርክሊፍት እንደሚነዳ፣ ማን በር ላይ እንደሚቆም እኔ ያልኩት ይሆናል፤ የዕረፍት ቀን ቀድሜ የምመርጠውም እኔ ነኝ። ጭነት ሲዘገይ ግን «እኔም እንደናንተው ሠራተኛ ነኝ» ማለት ይቀናኛል። አንጋፋነት ሲመች ማዕረግ፣ ሲከብድ ሰበብ ሆኖልኝ ኖሯል። ሰው በዕድሜው ሊወቀስ አይገባም፤ ቃሉ በተሰማለት ልክ ግን ይጠየቃል።

በዚህ ሚዛን የሮጀርስ ድርሻ ቀላል አይደለም፤ የ12ቱም ሽንፈት ባለዕዳ ግን አይደለም። ለዓመታት አሠልጣኝና ኳርተርባክ ሲቀያይር የኖረውን ቡድን እሱ አላበላሸውም። በመስከረም 2025 የፒትስበርግን መለያ ለብሶ ተመለሰና በአራት ተችዳውን ጀትስን 34 ለ 32 አሸነፈ። ጀትስም ያለ እሱ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ። ሰውዬው ቢሄድም በሽታው እዚያው ቀርቷል።

አሁን ጭነት ሲዘገይ «የማን ጥፋት ነው?» ከማለቴ በፊት የትኛውን ውሳኔ እኔ እንደወሰንኩ እናገራለሁ። ሰው የመደብኩት እኔ ከሆንኩ ያ ክፍል የእኔ ነው። መኪናው ከመነሻው ዘግይቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ አልሸከምም፤ ለኃላፊውም እንደዚያው እነግረዋለሁ። ልጆቹ ዛሬም ሽማግሌ ይሉኛል። በስሙ አልከራከርም፤ የምከራከረው በሒሳቡ ነው።