በሰው አካል ላይ ስለ መሳለቅ

ሰው ከሰው ጋራ ሲኖር ከሚሠራው ክፉ ነገር መካከል እንደ ቀላል የሚቈጠር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በባልንጀራ መልክና ቁመና መሳለቅ ነው። ሌባ ቢሰርቅ ዳኛ ይፈርድበታል፤ ተጣልቶ የፈነከተም ካሣ ይከፍላል። በሰው ጥቁረት፣ በሰው ክሳት፣ በሰው ጥርስ የሚሥቀውን ግን የሚከሰው የለም፤ እንዲያውም ጨዋታ ዐዋቂ ይባላል። የሚቈጣው ሰው ቢገኝም «ቀልድ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ብዙ ዘመን ሳስተምር ይህን ነገር በየዕለቱ ስላየሁ፣ ያየሁትን ለተማሮች ላስታውቅ ወደድሁ።

ሚዛን የብዙ ሕዝብ መገናኛ ናት። ቤንቹና ሸኮው፣ ምዕኒቱና ዲዚው፣ ከፋውና መዠንግሩ፣ ቡናን ተከትሎ ከሰሜንና ከመሐል አገር የመጣውም ሁሉ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ልጆቹም በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። አገሩ ከኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲባል፣ «ሕዝቦች» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የገባው በከንቱ አይደለም። እንዲህ ባለ አገር አንዱ ልጅ ረጅም አንዱ አጭር፣ አንዱ ጠይም አንዱ ጥቁር ቢሆን የሚያስገርም ነገር አልነበረም። ነገር ግን የዕረፍት ደወል ሲደወል ከሜዳው ዳር ቆሞ ያደመጠ ሰው በክርስትናም በመዝገብም የሌለ ስም ሲጠራ ይሰማል፤ ሲባጎ፣ ዱባ፣ ድንክ፣ ገጣጣ፣ ከሰል።

ስም አውጪዎቹን ብንመረምር ከሁሉ የከፉ ልጆች ሆነው አይገኙም። ፊቱን ብጉር የወረሰው ልጅ ነው ወፍራሙን ዱባ የሚለው፤ አጭሩ ነው ረጅሙን ሲባጎ የሚለው። የሰው ዓይን በርሱ ላይ እንዳያርፍ ወደ ሌላው ይጠቁማል።

በዚህ ዕድሜ አካል ሁሉ ባንድ ጊዜ አያድግም። እጅና እግር ይቀድማሉ፤ ሌላው አካል ኋላ ይደርሳል። ሴቶች ልጆች ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ማደግ ስለሚጀምሩ፣ በሰባተኛ ክፍል ሴቶቹ ረዝመው ወንዶቹ ከታች ቀርተው ይታያሉ። የፊት ቆዳም ወዝ ስለሚበዛበት ብጉር ያወጣል። ይህ ሁሉ የሚያልፍ ነው። የቆዳ ጥቁረት ግን የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ ማለፍም የለበትም፤ ሜላኒን የሚባለው ቀለም የፀሓይን ጨረር የሚመክት የአካል ጋሻ ነውና።

ደግሞም መልካም መልክ የሚባለው ነገር ራሱ በየአገሩ ይለያያል። በኪቢሽ ወገን በሚኖሩት በሱሪዎች ዘንድ የታችኛውን ከንፈር በስቶ የሸክላ ገል ማግባት የሴት ልጅ ጌጥና ክብር ሆኖ ኖሮአል። ያችው ሴት ለገበያ ወደ ከተማ ብትወጣ ልጆች ይከተሉዋታል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ፎቶግራፍ ያነሣታል። አንድ ከንፈር በአንዱ ዘንድ ክብር፣ በሁለተኛው ሣቅ፣ በሦስተኛው ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው። ከነዚህ ሁሉ ማንኛው ከንፈሩን በትክክል አየው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ የሚያስቸግር ይመስለኛል።

የድሮው ሁሉ ደግ ነበር አልልም። እኔ ልጅ ሆኜ በቄስ ትምህርት ቤት ስማር፣ እንደ ልማዱ ተማሪ የሚጠራው በመጣበት አገር ነበር፤ ጎጃሜው፣ ላስቴው፣ ሸዌው ይባል ነበር። ዓይናቸው የጠፋ መምህር ሲያልፉ የሚሥቅ አልነበረም፤ የሚያዩት ከኛ የበለጠ መሆኑን እናውቅ ነበርና። ሆኖም ጀርባው የጎበጠ አንድ ባልንጀራችን የደረሰበትን ሣቅ እስካሁን አልረሳሁትም። ልዩነቱ ምንድር ነው ያልን እንደ ሆነ፣ ያ ሣቅ ማታ ሁላችን ስንተኛ አብሮ ይተኛ ነበር። ያሁኑ ሣቅ አይተኛም፤ ስለዚህ ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሲባጎ ስለ ተባለው ልጅ ጥቂት ልናገር። ይህ ልጅ ባንድ ክረምት እጅግ ረዘመ። ስሙ ከወጣለት በኋላ አንገቱን ሰብሮ፣ ትከሻውን አጥፎ መሄድ ለመደ፤ አጭር መስሎ ለመታየት ነበር። አንድ ቀን ከቤበቃ የቡና እርሻ ስንመለስ የጌሻን ቡና ታሪክ ነገርሁት። ይህ ቡና ከዚሁ ከኛ ጫካ የወጣ ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ዘሩ ተለቅሞ ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተወሰደ፤ ከዚያ ወደ ኮስታ ሪካ፣ ከኮስታ ሪካም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ዛፉ ረጅምና ቀጭን፣ ቅርንጫፉ በቀላሉ የሚሰበር፣ ፍሬውም ጥቂት ስለ ሆነ ገበሬዎች አልወደዱትም፤ ብዙ ዘመንም ተንቆ ኖረ። በ1996 ዓ.ም. ግን በፓናማ ውድድር ቀምሰውት ከሁሉ አንደኛ ወጣ፤ ተራ ቡና አንዱ ፓውንድ አንድ ዶላር በማያወጣበት በዚያ ዘመን ይህኛው በጨረታ 21 ዶላር ተሸጠ። በኛም አገር ቡና መርማሪዎች ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው፣ 60 ነጥብ ለሲኒው ይሰጣሉ፤ ነጋዴ እንኳ ዓይኑን ብቻ አያምንም አልሁት።

ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ «መምህር፣ ቡናው ባይጣፍጥስ ኖሮ?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ከታሪኩ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የተሳለቁበትን ልጅ ሲያጽናና «ነገ ትልቅ ሰው ትሆናለህ፤ ያን ጊዜ ያፍራሉ» ይለዋል። ትልቅ ሰው ባይሆንስ? ቀጭን ሆኖ፣ ትምህርቱም መካከለኛ ሆኖ፣ ቡና ለቅሞ በሰላም ቢኖርስ? ሰው ሲኒው ተቀምሶ ዋጋ እስኪወጣለት ድረስ በስድብ የሚጠበቅ ሸቀጥ አይደለም። ይህንኑ ነገርሁት፤ አንገቱን ያን ዕለት አላቀናም፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ቀና።

አሁን ወደ ስልኩ ነገር ልመለስ። ስልክ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እኔም ከቴፒ ባልንጀሮቼ ጋራ የምገናኘው በርሱ ነው። ነገር ግን ቀድሞ ስድብ ከትምህርት ቤት በር ላይ ይቀር ነበር፤ ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ተጭኖ ከተሰዳቢው ጋራ ቤቱ ይገባል፤ ከራስጌውም ያድራል። ስልኩ ደግሞ ፊትን የሚያለሰልስና ቆዳን የሚያቀላ ዘዴ ስላለው፣ ልጆች በዓለም ላይ ከሌለ ፊት ጋራ ራሳቸውን ያስተያያሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ማቅያ ቅባት ከገበያ ገዝተው ፊታቸውን የሚቀቡም አሉ። ከነዚህ ቅባቶች በአንዳንዱ ሜርኩሪ ይገኝበታል፤ ሜርኩሪም በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። በከሰል ስም የተጠራች ልጅ ኩላሊትዋን ለዚያ ስም ስትከፍል ማየት ቀልድ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልናገረው የወደድሁት ግን የሚከተለው ነው። ከማጂ መንገድ ወገን ካለ የገጠር ቀበሌ አንዲት ልጅ ለዘጠነኛ ክፍል ወደ ሚዛን መጣች። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሮች ከሁለት ጓደኞችዋ ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ጎደሬና የበቆሎ ቂጣ ከቤትዋ እያመጣች ትማር ነበር። ጥቁርና ረጅም፣ ንግግርዋ ጥቂት፣ በሒሳብ የበረታች ነበረች። አንድ ዝናም የከበደበት ቀን መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ጨልሞ ሳለ አንድ ልጅ በስልኩ ፎቶግራፍ አነሣት። ማታም ወደ ክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ሰደደና ከበታቹ «መብራት አብሩ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ከርሱ ቀጥሎ አንድ የቆየ ቃል ጻፈ፤ እኔ ያን ቃል በዚህ አልጽፈውም፤ አንባቢው ያውቀዋል። ከክፍሉ ተማሮች ከግማሽ የሚበልጡት የሣቅ ምልክት አደረጉ።

በማግሥቱ አልመጣችም፤ በሳምንቱም አልመጣችም። ልጆቹን ብጠይቃቸው ያነሣው «እኔ ያን ቃል አልጻፍሁም» አለ፤ የጻፈው «ሁሉም የሚለው ነው» አለ፤ የሣቁት ደግሞ «እኛ ምንም አልጻፍንም» አሉ። ልጆች ሆይ፣ እኔ ከሦስቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የመጨረሻው ነው። የሚሥቅለት ባይኖር ኖሮ ጻፊው ለማን ይጽፍ ነበር?

ቅዳሜ በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ሄጄ ከቤትዋ ደረስሁ። አባትዋ ከደጃቸው ቡና ያሰጡ ነበር። ልጅቱ ስታየኝ ወደ ውስጥ ገባች። አባትዋ አማርኛ ጥቂት ስለሚያውቁ ታላቅ ወንድምዋ እያስተረጐመ ተነጋገርን። እኔም ልጆች ስለ ጥቁረትዋ ስለ ሣቁ እንዳዘነች ሰምቻለሁ አልሁ። ሽማግሌው ቡናውን ማገላበጥ ትተው ተመለከቱኝ። «ልጄ ጥቁር መሆንዋን ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን፤ ያ አላሳዘናትም» አሉ። «ያሳዘናት ቃሉ ነው። አያቴ ሕፃን ሳለች ያን ቃል ስትሰማ ወደ ጫካ ትሮጥ ነበር። ቃሉን የሚጠሩት ሰዎች ገመድ ይዘው ይመጡ ነበርና።»

ይህ ነገር ተረት አይደለም። ከፋ በ1890 ዓ.ም. ከተያዘ በኋላ በከፋ፣ በማጂ፣ ያን ጊዜ ጊሚራ ይባል በነበረው በቤንችም አገር ብዙ ሰው እየተነዳ ተሸጦአል፤ መንደሮችም ባዶ ቀርተዋል። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ተነገረ። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ዐዋጁ ገመዱን ፈታ፤ ቃሉ ግን በሰው አፍ ቀረ። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ ስልኩን ይዞ ያን ቃል ሲጽፍ፣ በእጁ ምን እንደ ያዘ አያውቅም፤ የተጻፈባት ግን ታውቃለች፤ በቤትዋ ሰምታዋለችና።

ወደ ሚዛን ከተመለስሁ በኋላ አንዳንድ መምህራን «ጥፋተኞቹ በሰልፍ ፊት ቆመው ይቅርታ ይጠይቁዋት» አሉ። እኔ ተቃወምሁ። እርስዋን ሺሕ ተማሪ ፊት አቁሞ የተሰደበችበትን ነገር እንደገና ማሰማት ሁለተኛ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው ብዬ ነው። ልጆቹ በወላጆቻቸው ፊት ተገሠጹ፤ ጽሑፉም ጠፋ። እኔም በዚያ ወር የታሪክ መምህሩን ለምኜ ስለ 1916ና ስለ 1934 ዓ.ም. ዐዋጆች፣ ከነሱም በፊት በዚህ አገር ስለ ሆነው ነገር የክፍሉ ተማሮች ሁሉ እንዲማሩ አደረግሁ፤ የማንም ስም አልተነሣም። ቃሉን የጻፈው ልጅ ከትምህርቱ በኋላ ተከትሎኝ መጣና «የተሸጡት ከዚህ ከኛ አገር ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እርሱም የሚዛን ተወላጅ ነው። አዎን አልሁት። ማታ እናቱን ስለ ቤተ ዘመዶቻቸው ቢጠይቃት «ዝም በል» እንዳለችው በማግሥቱ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ልጅቱ የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ በጥር ወር ተመለሰች፤ ወደ ሌላ ክፍልም ተዛወረች። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እርስዋ ግን ለማንም ስለዚህ ነገር ተናግራ አታውቅም። በሒሳብ እንደ ቀድሞው ትበረታለች። ሲባጎ የተባለው ልጅ ደብተርዋን እየተዋሰ ያጠና ነበር፤ ሲመልስላትም በስምዋ ይጠራታል፤ እርስዋም በስሙ ትጠራዋለች።

ባለፈው ሰኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሮች ከመለያየታቸው በፊት ፎቶግራፍ ለመነሣት በሜዳው ተሰበሰቡ። ፎቶግራፍ አንሺው ሁለት ጊዜ ሰልፉን አስተካከለ። ጓደኞችዋም ጠሩዋት፤ ቦታም ትተውላት ጥቂት ጠበቁ። እርስዋ ግን ፈገግ ብላ እጅዋን አወዛወዘችና፣ የሌሎችን ደብተር እንደ ታቀፈች ከዋንዛው ጥላ ሥር ቆማ ቀረች።