ስምንት ፊደል፣ አምስት ቀለም

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛውን ምንባብ ተራ በተራ ጮክ ብለው ያነቡልኛል። አንድ ልጅ «ካራክተሪስቲክ» ከምትለው ቅጽል ሲደርስ «ሪስ» ላይ ጫን ብሎ አነበባት። እኔ ሆዬ፣ «ካራክተር» የሚለው ስም «ካ» ላይ እንደሚጫን ስለማውቅ፣ «ኖ! ካ ላይ ነው!» ብዬ አቋረጥኩት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጁም «ሬዲዮ ላይ እንደዚያ ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ቲቸር» ብሎ ተቀመጠ። በዚያን ዕለት ዳግመኛ እጁን አላወጣም።

ማታ ነገሩ ከነከነኝና መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። የዋናው ጫና ምልክት የተቀመጠው ልጁ ካለው ቦታ፣ ከ«ሪስ» ፊት ነው! «ካ» የደረሳት ቀለል ያለው ሁለተኛ ጫና ብቻ ነው።

ስሕተቴ ከየት መጣ? ቃሏ በእኛ ፊደል ስትጻፍ ስምንት ፊደል ናት። በአፍ ስትነገር ግን ቀለሟ አምስት ነው፦ ካ–ራክ–ተ–ሪስ–ቲክ። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን አናባቢው ነው። ከአምስቱ ደግሞ አንዷ ከሌሎቹ ጎልታ መሰማት አለባት። በ«ኢክ» የሚያልቁ ረዣዥም ቅጽሎች አብዛኛውን ጊዜ ጫናቸውን የሚያሳርፉት ከመጨረሻዋ ቀለም ቀድማ ባለችው ላይ ነው። «ሳይንስ» መጀመሪያው ላይ ይጫናል፤ «ሳየንቲፊክ» ግን «ቲ» ላይ። ስሙ ቅጽል ሲሆን ጫናውም ቦታ ይለውጣል ማለት ነው። እንደ «አረቢክ» ያሉ፣ መጀመሪያቸው ላይ የሚጫኑ አፈንጋጮች መኖራቸውም አይዘነጋ።

«ታዲያ ምን አለበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ የራሳችንን «አለ» እንመልከት። ሲላላ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ፊደሉ ይህን አይነግረንም፤ የሚለየው ጆሮ ነው። የእንግሊዝኛም ጫና እንዲሁ በፊደሉ ላይ አይታይም፤ ቦታውን ሲስት ግን ሰሚው ቃሉን ለመለየት ይቸገራል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልክ የነበረው እሱ ነው» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ቃሏን እንዲያነብልን ጠየቅሁት፤ እኔም ከተማሪዎቹ ጋር ተከትዬው አልኩ። ክብሬ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኧረ ምንም አልሆነ! በዚያው ክፍለ ጊዜ ልጁ ሁለት ጊዜ እጁን አወጣ።

እጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ «ተሳስተሃል» ከማለታችን በፊት መዝገበ ቃላቱን እንግለጥ።