የድባቴ መድኃኒት ሲሞከር እኛም እንኑርበት

ስለ ድባቴ በጻፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ሁለት ዓይነት ክኒን ወሰድኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ምን አለ?» መጠን ማስተካከል፣ መድኃኒት መቀየር፣ የንግግር ሕክምና መጨመር አለ። እነዚህን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው። ዛሬ የምጽፈው ግን ብዙ ወገኖቻችን ስሙን ሲሰሙ ስለሚሸሹት ሌላ መንገድ ነው፤ አዲስ ሕክምና በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ስለሚፈተሽበት ክሊኒካል ትራያል።

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ለምንኖር ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በሜትሮው ቀይ መስመር የተሳፈረ ሰው ባቡር ሳይቀይር ሜዲካል ሴንተር ጣቢያ ይደርሳል። ከዚያ ሲወጣ የሚያገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት፣ ኤንአይኤችን ነው። በግቢው ያለው የምርምር ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ ሲሆን፣ ጥናት ውስጥ የገቡ ሕሙማን እዚያ ለሚያገኙት ሕክምና አይከፍሉም። የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ጥናት ሌሎች መድኃኒቶች ያልሠሩላቸውን 18 ሰዎች የያዘ ነበር። ለማደንዘዣ የሚያገለግለው ኬታሚን በደም ሥራቸው ሲሰጥ አብዛኞቹ በአንድ ቀን ውስጥ ቀለል አላቸው። የተለመዱት ክኒኖች ሳምንታት ይፈጃሉ። የኬታሚን ዘመድ የሆነው ኤስኬታሚን በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ሆኖ በ2019 ተፈቀደ። ዛሬ በእሱ የሚታከሙ ሰዎች ሁሉ የእነዚያን ጥቂት ፈቃደኞች ውለታ ተሸክመዋል።

እኛን በተለይ የሚመለከት ምክንያትም አለ። በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የሆኑት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ሥራ፣ ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ እንደሚገኝባቸው አሳይተዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ጂኑ የተደራረበበት ሰው አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ ይፈጫል፤ ኖርትሪፕቲሊንና ፓሮክሴቲንን የመሳሰሉ የድባቴ መድኃኒቶች በዚህ ኢንዛይም በኩል የሚያልፉ ናቸው። ለሌላው የሚበቃ መጠን ለእሱ ላይበቃ ይችላል ማለት ነው። (ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ መጠን እንዳትጨምሩ፤ ሐኪማችሁን ስለ ጂን ምርመራ ጠይቁ።) እኛ በሌለንበት የተጠና መድኃኒት፣ እኛ ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚታወቀው ከፋርማሲ ከገዛነው በኋላ ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ ሊያሳስበንም ይገባል።

«የሙከራ አይጥ ልሁን እንዴ?» የሚለውን ፍርሃት አልንቀውም። በአላባማ፣ ቱስኪጊ፣ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች መድኃኒቱ እያለ ሳይታከሙ «ተጠኑ»። የዛሬው ሕግ የመጣው ከዚያ ግፍ በኋላ ነው። አሁን ጥናቱን የሥነ ምግባር ቦርድ ሳያጸድቀው አይጀመርም፤ ማብራሪያው ለተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ መቅረብ አለበት፤ በማንኛውም ሰዓት «በቃኝ» ብሎ መውጣት ይቻላል፤ በመውጣቱም መደበኛ ሕክምናውን አያጣም። ምስጢሩ ያሳሰበው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ከ2017 ወዲህ በኤንአይኤች ገንዘብ የሚሠሩ ጥናቶች የተሳታፊን ማንነት ለፍርድ ቤት እንኳ እንዳይገለጥ የሚከላከል የምስጢር ጥበቃ አላቸው።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የበሽታውን ስምና የከተማችሁን ስም በእንግሊዝኛ አስገቡ፤ ርቀቱን ወስኑ፤ ተሳታፊ በመመዝገብ ላይ ያሉትን ብቻ ምረጡ። እያንዳንዱ ጥናት ማን መግባት እንደሚችልና እንደማይችል፣ እንዲሁም የሚደወልበትን ስልክ ይጽፋል። አገር ቤት ላላችሁ ኬፕ ታውን የሚገኘው የመላው አፍሪካ የክሊኒካል ትራያል መዝገብ አለ። ልብ በሉ፦ ጥናቱ መዝገብ ላይ መገኘቱ መንግሥት መርምሮ «ደህና ነው» ብሎታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ያገኛችሁትን ገጽ አትማችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አሁን የምወስደውን መድኃኒት አቁም ትሉኛላችሁ? ካቆምኩ በኋላ ቢብስብኝ ሌሊት የማገኘው ሐኪም ማነው? ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ክኒን፣ የሚደርሰኝ ዕድል ስንት ነው? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ከጠቀመኝ ይቀጥልልኛል? የትኛውን ወጪ ኢንሹራንሴ ይከፍላል? ፕላሴቦ ቢደርሳችሁ ተታለላችሁ ማለት አይደለም፤ የሚደርሳችሁ በዕጣ መሆኑ አስቀድሞ ሊነገራችሁ ይገባል። ግን ዕጣውን ለመሸከም በሚያስችል ሁኔታ ላይ መሆን አለመሆናችሁን የምታውቁት እናንተና ሐኪማችሁ ናችሁ።

አንዲት አክስቴን ወደ አንድ ጥናት አጅቤ ሄጄ ነበር፤ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የጥናቱ አስተባባሪ ረጅሙን ቅጽ ገጽ በገጽ ስታስረዳ አክስቴ በአስተርጓሚው በኩል ዝም ብላ ሰማች። ብዕሩ ሲቀርብላት ግን ወደ ጎን አደረገችውና «ሁዳዴ እየገባ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆዴ ልውሰደው?» አለች። አስተባባሪዋ መልሱን አላወቀችውም። ማስታወሻ ይዛ ወጣች፣ ሐኪሙን ጠይቃ ተመለሰች፤ ክኒኑ ከምግብ ጋር ስለሆነ ሰዓቱ ወደ ማታ ተዛወረ። በዚያ ቅጽ ላይ ስለ ጾማችን የተጻፈ ነገር አልነበረም። አሁን ግን በአንድ የጥናት መዝገብ ላይ ሠፍሯል። እናንተም ጾማችሁን፣ ጸበላችሁን፣ የምትጠጡትን የባህል መድኃኒት፣ ጫትም ከሆነ ጫቱን ሳታፍሩ ተናገሩ። የተደበቀ ነገር እናንተንም ይጎዳል፣ ውጤቱንም ያበላሻል።

አንድ እውነተኛ እንቅፋት አለ። ድባቴ የሚለካው በቃለ መጠይቅ ስለሆነ ብዙ ጥናቶች እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው አይቀበሉም። ስትደውሉ «የአማርኛ አስተርጓሚ ትመድባላችሁ?» በሉ። ቢከለክሏችሁም ጥያቄው ይመዝገብ። እንግሊዝኛ የምትችሉ ልጆች፣ ለእናቶቻችሁና ለአባቶቻችሁ ከመዝገቡ ላይ ጥናት ፈልጉላቸው። በነርስነትና በፋርማሲ የምትሠሩ ወገኖች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አስረዱ።

ጥናት ውስጥ መግባት የማንም ግዴታ አይደለም፤ ለሁሉም ሰውም አይሆንም። አንብቦ፣ ጠይቆ፣ «አልገባም» ያለ ሰው በደንብ ወስኗል። ሳይጠይቅ የቀረው ነው የሚያሳዝነኝ።

በመጨረሻም፦ ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ያለበት ሰው ጥናት ሲፈልግ ጊዜ አያጥፋ። አሜሪካ ያላችሁ አሁኑኑ 988 ደውሉ። ሌላ አገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ብቻችሁን ግን አትሂዱ።